ከ10 ዓመት ወዲህ ከወጡት የጎልፍ ክለቦች (መምቻ ዱላዎች) "ይሄንንስ ሞቼ ነው የምሸጠው" የምትሉት የቱን ነው?

ባልቻ_ስላይስ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም የጎልፍ ቤተሰብ። መጀመሪያ ልናዘዝ፣ እኔ ሸጬዋለሁ። ፒንግ ጂ400 ማክስ ድራይቨር (ከመነሻው ኳሷን አርቆ የሚመታው ረጅሙ ክለብ) ነበረኝ፣ 2018 ላይ የወጣው፣ ጥቁሩ፣ አናቱ ላይ ከፊት በኩል እንደ ሸንተረር ነገር ያለው። አራት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ምንም ያጠፋው ነገር የለም፣ ዝም ብሎ አዲስ ነገር አማረኝና አንድ ቅዳሜ ሱቅ ሄጄ ብር ጨምሬ በአዲስ ለወጥኩት። 90 ዶላር ነው ያሰቡልኝ። ለ90 ዶላር! ከቨሩን ደግሞ ቤት ረስቼው ነበር የሄድኩት፣ እስካሁን ጋራዥ ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያየኛል።

አዲሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ስሙም ይቅር። መሀሉን ካገኘሁት ምናልባት አምስት ያርድ ይበልጣል። ችግሩ እኔ መሀሉን የማገኘው ከአስር ሦስቴ ነው፣ የቀሩት ሰባቱ የት እንደገቡ የሚያውቀው እግዜርና በስተቀኝ ያለው ጫካ ነው። ያኛው ግን ተረከዙ ጋ ብመታው፣ ጫፉ ጋ ብመታው፣ ብቻ ኳሷ ሳር ላይ ትገኛለች። ድምፁ ደሞ እንደ ሌሎቹ ቆርቆሮ አይጮህም፣ ሙቀጫ ውስጥ ዘነዘና እንደ መጣል ነው፣ "ዶቅ"። አሁን ሬንጅ (መለማመጃ ሜዳ) ላይ ከጎኔ ሰው ያንን ድምፅ ሲያሰማ ዞር ብዬ አያለሁ፣ የድሮ ፍቅረኛውን ስም እንደሰማ ሰው።

እና ጥያቄዬ፣ የእናንተስ? ብራንድ ጠርታችሁ እንዳትጠፉ ግን፣ ምኑ ነው ልዩ ያደረገው እሱን ጻፉልን።


ሄይንስ_ፖይንት_ታክሲ (ዲሲ)

ድራይቨር ድራይቨር ስትሉ እኔን የምትጠሩኝ መስሎኝ ገባሁ 😂 22 ዓመት ድራይቨር ነኝ።

የኔ ቴይለርሜድ ኤም2 ነው የ2017ቱ። ሰርጂዮ ጋርሲያ ማስተርስን (ሜጀር ከሚባሉት አራት ታላላቅ ውድድሮች አንዱን) ያነሳበት እሱ ነው፣ ሰውዬው 74ኛ ሜጀሩ ነበር እኮ፣ 73 ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሶ። ኤም2 ምን አደረገ መሰላችሁ፣ አናቱን ካርቦን አደረጉት፣ ካርቦን ቀላል ነው፣ ከላይ የተረፈውን ክብደት ወደ ታችና ወደ ኋላ ወሰዱት፣ ስለዚህ ኳሷ ሳትለፋ ትነሳለች። እንደኛ የስዊንግ (የማወዛወዝ) ፍጥነቱ የደከመ ሰው የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። እንደ ኤም1 የሚንሸራተት ክብደት ምናምን የለውም፣ የምታበላሸው ነገር የለም ማለት ነው። እኔ ደሞ መፍቻ ከሰጠኸኝ አበላሻለሁ።


ዴንቨር_5280

ባልቻ ስሜትህ ልክ ነው፣ ሳይንሱም ይደግፍሃል። ስራዬ መካኒካል ምህንድስና ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው ይቅርታ።

ድራይቨር ላይ ሕጉ ጣሪያ አስቀምጧል። ጭንቅላቱ ከ460 ሲሲ አይበልጥም። ፊቱ ደግሞ እንደ ሞላ ኳሷን መልሶ የሚገፋበት ነገር አለ አይደል፣ ሲቲ ይሉታል፣ በማይክሮ ሰከንድ የሚለካ፣ 239 ሲደመር 18 መቻቻያ፣ ከ257 ካለፈ ውጪ። እነዚህ ከተዘጉ ሀያ ዓመት አለፋቸው። ስለዚህ መሀሉ ላይ ጥርት ብሎ የተመታ ኳስ የዛሬ 15 ዓመቱም የዛሬውም ያን ያህል አይለያይም፣ በየዓመቱ "10 ያርድ ጨመርን" ሲሉ የነበረው ተደምሮ ቢሆን ኖሮ ከቦስተን ኒውዮርክ እንመታ ነበር።

ታዲያ ጥሩ የሚባሉት የሠሩት ምን ላይ ነው? ስትስት የሚሆነው ላይ። ሁለት ጄሪካን ውሃ በረጅም እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥሎ የሚሸከም ሰው አይታችኋል? ሰው ቢገፋው እንኳ ቶሎ አይዞርም። ጄሪካኖቹን ደረቱ ላይ ቢያቅፋቸው ግን በትንሽ ግፊያ ይሽከረከራል። ኤምኦአይ የሚባለው እሱ ነው። ክብደቱን ከመሀል አርቀህ ዳር ዳር ስታስቀምጠው፣ በተለይ ከኋላ ታንግስተን ስታደርግ፣ ጫፉ ጋ ብትመታውም ጭንቅላቱ አይጠመዘዝብህም። ያንተው ጂ400 ማክስ የሁለቱ አቅጣጫ ድምር 9,900 አልፎ ነበር። 2024 ላይ ፒንግም ጂ430 ማክስ 10ኬ፣ ቴይለርሜድም ኪውአይ10 ማክስ ብለው 10,000 ገባን እያሉ ነጋሪት ሲጎስሙ አንተ ከስድስት ዓመት በፊት ደጃፉ ላይ ነበርክ። እና በ90 ዶላር ሸጥከው 🤦🏾‍♂️

አንዳንድ ሰው ደሞ "10ኬ ከሕግ ውጪ አይደለም ወይ ሕጉ 5,900 ነው" ይላል። 5,900 የአንዱ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ግራና ቀኝ የሚዞረው። 10ኬ ላይና ታች የሚዞረውን ደምሮ ነው።

የኔን ካልኩማ ካላዌይ ኤፒክ፣ 2017። ከፊቱ ጀርባ አናቱንና ታቹን የሚያያይዙ ሁለት ቀጫጭን የታይታኒየም ዘንጎች አቆሙበት፣ ጄይልብሬክ አሉት። እንደ ጎጆ ምሰሶ አስቡት። ኳስ ሲመታ አናትና ታቹ መለጠጡን ትቶ ፊቱ ብቻ እንዲሠራ። ከዛ 2019 ኤፒክ ፍላሽ ላይ ፊቱን ኮምፒውተር ዲዛይን አደረገው፣ 15,000 ዓይነት ሞክሮ ነው አሉ፣ ከውስጥ በኩል እንደ ውሃ ሞገድ የተንሻፈፈ ፊት ወጣ። ሰው ቁጭ ብሎ እንደዛ አይስልም። አሁን ኤአይ ኤአይ የሚሉት ሁሉ ጎልፍ ውስጥ ከዛ ነው የጀመረው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።


ባልቻ_ስላይስ

ጨው ጨምርበት ቁስሉ ላይ። ጄሪካኑ ግን ገብቶኛል 😭


ጋሽ_ፓር (ሂዩስተን)

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ አዲስ አበባ በልጅነቴ ካዲ ነበርኩ፣ የፈረንጅ ባግ ተሸክሜ ነው ጎልፍን ያወቅሁት፣ ከዛ በፊት የማውቀው ገናን ነበር። ሩርን በገና ዱላ የለጋ ሰው ጎልፍ አያስፈራውም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፣ በጎልፍ ግን ጌታውም ሎሌውም ሲቆጣ ነው የማየው።

ባልቻ ስለ ድምፅ ያነሳኸው ደስ ብሎኛል። ፒንግ ራሱ ስሙን ያገኘው ከድምፅ ነው። ካርስተን ሶልሃይም የሚባል መሐንዲስ 1959 ላይ ካሊፎርኒያ ጋራዡ ውስጥ ፑተር (ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚገፉበት ክለብ) ሠርቶ ኳስ ሲነካበት "ፒንግ" ስላለ ነው።

የኔ ምርጫ አይረን (ቀጭን የብረት ጭንቅላት ያለው ክለብ) ነው፣ ሚዙኖ ጄፒኤክስ 900 ቱር። ምክንያቴ አጭር ነው። ናይክ 2016 ላይ ክለብ መሥራት ሲያቆም ተጫዋቹ ብሩክስ ኬፕካ ውል የሌለው ሰው ሆነ። ማንም ሳይከፍለው የፈለገውን መያዝ የሚችል ሰው ማለት ነው። ሄዶ ያነሳው ሚዙኖን ነው። በሱ 2017 እና 2018 ዩኤስ ኦፕን፣ 2018 እና 2019 ፒጂኤ፣ አራት ሜጀር። ማስታወቂያ ሲነግራችሁ አትስሙ፣ ያልተከፈለው ሰው ባግ ውስጥ ያለውን እዩ። ሚዙኖ ሂሮሺማ ውስጥ ከአንድ ብረት ነው ቀጥቅጦ የሚያወጣው። መሀሉን ስታገኘው እጅህ ላይ ምንም አይሰማህም፣ ቅቤ በቢላ እንደ መቁረጥ። ስትስተው ደግሞ ይነግርሃል፣ በብርድ ቀን በተለይ ክርን ድረስ ይነግርሃል።


ዝም_ብለህ_ምታ (ዳላስ)

ጋሼ እርስዎ ያሉት ላይ ልጨምር። ኬፕካ ሌላም ነገር ነበረው፣ የናይክ ቬፐር ፍላይ ፕሮ 3 አይረን። ድርጅቱ ክለብ መሥራት ካቆመ በኋላ ዓመታት ከባጉ አላወጣውም። ሄንሪክ ስቴንሰንም 2016 ሮያል ትሩን ላይ መጨረሻ ቀን በ63 ምት ጨርሶ ዘ ኦፕንን ሲያነሳ ይዞት የነበረው 3 እንጨት (ከድራይቨር ቀጥሎ የሚረዝመው ክለብ) የካላዌይ ዲያብሎ ኦክቴን ነው፣ ያኔ ራሱ ያረጀ ሞዴል።

እኔ የምለው፣ ሁላችሁም ሞዴልና ዓመተ ምህረት ትቆጥራላችሁ እንጂ ሻፍቱን (ዘንጉን) ያነሳ አላየሁም። ባልቻ አዲሱን ስትገዛ ሻፍቱ ስቲፍ (ግትር) ነው ሬጉላር? ፊቲንግ አደረግህ (ክለቡን ላንተ አስለካህ) ወይስ ከመደርደሪያ አንስተህ መጣህ?


ባልቻ_ስላይስ

ከመደርደሪያ 🙈 ስቲፍ ነው። ሻጩ "ጠንካራ ሰው ትመስላለህ" ሲለኝ…


ዝም_ብለህ_ምታ

በቃ። ጥፋቱ የክለቡ አይደለም፣ በሙገሳ ነው የተሸወድከው።


ሰላም_ፑት (ሲያትል)

ወንዶች፣ ይሄ ሁሉ ጽሁፍ በአንድ ዙር ቢበዛ 14 ጊዜ ለምትመቱት ክለብ ነው? ፑተር ስንት ጊዜ ታነሳላችሁ? እኔ ጥሩ ቀን 33፣ መጥፎ ቀን አልናገርም።

የዚህ ዘመን ትልቁ ለውጥ ፑተር ላይ ነው የመጣው ባይ ነኝ። 2024ን አስታውሱ። ስኮቲ ሸፍለር ከቲ (ከመነሻው) እስከ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት ሳር) የሚደርስበት የለም፣ ግሪን ላይ ሲደርስ ግን ያሳዝን ነበር። ሮሪ ማክልሮይ ቲቪ ላይ ማሌት የሚባለውን ፑተር ቢሞክር ደስ ይለኛል ብሎ ተናገረ። ከዛ መጋቢት ላይ አርኖልድ ፓልመር ውድድር ቴይለርሜድ ስፓይደር ቱር ኤክስ ይዞ መጣ፣ በአምስት ምት ልዩነት አሸነፈ፣ ቀጥሎ ፕሌየርስ ሻምፒዮንሺፕን፣ ቀጥሎ ማስተርስን፣ በዛው ዓመት የኦሎምፒክ ወርቅ። ለተቀናቃኝህ ምክር መስጠት ማለት ይሄ ነው። ማሌት ሰፊ ነው፣ ከኋላው ክንፍ አለው፣ ዴንቨር ያልከው ጄሪካን እሱም ላይ ይሠራል፣ መሀሉን ብትስት ፊቱ አይዞርም።

ሁለተኛው ደግሞ ላብ ነው።


ሄይንስ_ፖይንት_ታክሲ

ላብ? የምን ላብ እህቴ፣ ዋጋውን አይቶ የሚያልበውን ነው?


ሰላም_ፑት

ሃሃሃ ስሙ ነው እኮ፣ ኤል ኤ ቢ፣ በኛ ሲነበብ ላብ። ዋጋው ግን ልክ ነህ ያልባል፣ ዲኤፍ3 ከ400 ዶላር በላይ ነው። መልኩም አያምርም፣ የቧንቧ ሠራተኛ መሣሪያ ነው የሚመስለው፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያየው ይሄ ደሞ ምን ይከፍታል አለኝ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ተራ ፑተር ይዘሽ ስትወዛወዢ ፊቱ በራሱ ክብደት ሊከፈት ወይ ሊዘጋ ይፈልጋል፣ አንቺ ሳታውቂው በእጅሽ ትታገይዋለሽ። እጅ የሚንቀጠቀጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ትግል ይመስለኛል። ላብ ግን ኳሱ ጋ ስታቆሚው ባለው አንግል ላይ ሆኖ ሚዛኑ የተጠበቀ ነው፣ መዞር አይፈልግም። ሉካስ ግሎቨር አስር ዓመት ገደማ አጭር ፑት ሲመታ እጁ እየከዳው ነበር፣ 2023 ላይ ረጅሙን ላብ ያዘ፣ ነሐሴ ላይ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ሁለት ውድድር አሸነፈ፣ 43 ዓመቱ ነበር። ከዛ 2025 ዩኤስ ኦፕን ኦክሞንት። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ሰው ሁሉ እየሰመጠ። ጄጄ ስፖን 18ኛው (የመጨረሻው) ሆል ላይ በሁለት ፑት ቢጨርስ ይበቃው ነበር፣ ከ64 ጫማ አንዴ ነካት፣ ግሪኑን አቋርጣ ዞራ ገባች። እሱም በላብ።

እኔ አራት ጫማ ፑት ላይ ቆሜ ስተነፍስ ይሰማኝ ነበር፣ አሁንም እስታለሁ ግን እጄ አይንቀጠቀጥም። ለሴቶች ደሞ አንድ ነገር፣ "የሴቶች" ተብሎ ሮዝ ቀለም የተቀባ ሙሉ ስብስብ አትግዙ። ኔሊ ኮርዳ 2024 አምስት ውድድር በተከታታይ ስታሸንፍ የያዘችው ኪውአይ10 ማክስ ነው፣ ዴንቨር የጠቀሰው፣ ወንዶቹም የሚይዙት። ለኛ የሚለየው ሻፍቱና ሎፍቱ (የፊቱ ማዘንበል፣ በዲግሪ የሚለካው) ነው እንጂ ቀለሙ አይደለም።


ዱባይ_አሸዋ

ሰላም ከኤምሬትስ። የኔን ማንም አልጠራም፣ 7 እንጨት! 20.5 ዲግሪ። እኔ 4 አይረን መምታት የምችል መስሎኝ ሦስት ዓመት ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። ዝቅ ብላ ትሄድና ግሪን ላይ ወርዳ እንደ ፍየል እየዘለለች ከጀርባ ትወጣለች። 7 እንጨት ግን ወደ ላይ ትነሳና ቀጥ ብላ ወርዳ ትቀመጣለች። ድሮ የሽማግሌ ክለብ ብለው ይስቁ ነበር፣ ደስቲን ጆንሰን 2020 ኅዳር ላይ ባጉ ውስጥ 7 እንጨት ይዞ ማስተርስን ከፓር (ከተመደበው ምት) 20 በታች፣ በ268 ምት፣ ሪከርድ ሰብሮ ሲያነሳ ሳቁ ቆመ። ደስቲን እንደዛ የሚመታ ጉልበተኛ ከያዘው እኔ ማን ነኝ። የኔው ፒንግ ጂ425 ነው፣ ሁለተኛ እጅ ከአንድ እንግሊዛዊ ገዛሁት ወደ አገሩ ሲመለስ። ሐምሌ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ካልተጫወትኩ 10ኛው ሆል ላይ ግሪፑ በላቤ (በእውነተኛው ላብ) ያዳልጣል።


ካዛንቺስ_ቦጊ (አዲስ አበባ)

እናንተ ስለ ፊቲንግ ታወራላችሁ፣ እኛ ጋ ክለብ የሚገኘው ወይ ከሚሄድ ዲፕሎማት ወይ ከናንተ ሻንጣ ነው። ያገኘነውን ነው የምንመታው፣ ከዛ ሰውነታችንን ለክለቡ እናስተካክላለን። ግን አንድ የናንተ ምርጫ እዚህ የማይሠራበት ምክንያት ልንገራችሁ። ዴንቨር 1,600 ሜትር (5,280 ጫማ) ላይ ሆነህ በስምህ ትኮራለህ፣ እኛ ከ2,300 በላይ ነን። አየሩ ስስ ነው፣ ኳሷ ርቃ ትሄዳለች፣ ደስ ይላል፣ ግን ስስ አየር ኳሷን አያነሳትም፣ 9 ዲግሪ ድራይቨር እዚህ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ዝቅ ብሎ ሄዶ ይወድቃል። 10.5፣ ከቻላችሁ 12 ላኩልን። ጥሩ ጎኑ ስላይስም (ኳሷ ወደ ቀኝ መጉበጧ) ይቀንሳል፣ የሚያጎብጣት አየሩ ነዋ። ባልቻ ወንድሜ ድራይቨር ከምትቀይር አገር ቀይር።

የኔ? የታይትሊስት ቮኪ ኤስኤም8 ዌጅ (ለአጭር ርቀት የሚሆን ክለብ)፣ 56 ዲግሪ። የአጎቴ ልጅ ከሚኒሶታ ሲመጣ ጂንስ ሱሪ ጠቅልሎ አመጣልኝ። 2020 ላይ የወጣ ነው፣ ክብደቱን ትንሽ ወደ ፊት አውጥተውታል፣ ስትወዛወዝ ፊቱ ቀጥ ብሎ መመለስ ይፈልጋል። በክረምት ሳሩ ረጥቦ ሲከብድ፣ በበጋ መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ሲደርቅ፣ ሁለቱንም አሳልፎኛል። ግሩቮቹ (ፊቱ ላይ ያሉት ጭረቶች) አልቀዋል ግን አልጥለውም።


ዴንቨር_5280

ስሜን ልቀይር ነው 😂 ስለ ስላይሱ ያልከው ግን እውነት ነው፣ ያጎበጣት አየር ነው።


ዝም_ብለህ_ምታ

ስለ "አሮጌ ይሻላል" አንድ ማስጠንቀቂያ ግን። ድራይቨር ፊት በምት ብዛት ይላላል፣ ሲላላ ይፈጥናል፣ ከሕጉ ጣሪያ ያልፋል፣ ከዛ ይሰነጠቃል። 2025 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ላይ የሸፍለር ድራይቨር ፈተናውን ወድቆ በትርፉ ተጫውቶ ነው ያሸነፈው፣ ራሱ ነው የተናገረው። ስለዚህ "አሮጌው ድራይቨሬ ዘንድሮ ባሰበት፣ እየራቀልኝ ነው" የምትሉ፣ ሊሞት ሲል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ፊቱን በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ አራግፉትም፣ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ተዉት።


ሄይንስ_ፖይንት_ታክሲ

ይሄን ሳነብ መኪናዬ ኋላ ያለውን ሄጄ አራገፍኩት ሃሃ። ባልቻ ሳልነግርህ፣ እኔም ያንተ ዓይነት ጂ400 ማክስ አለኝ እኮ። ለእህቴ ልጅ ብዬ 2022 መጨረሻ ላይ ሮክቪል መንገድ ካለ ሱቅ ያገለገለ መደርደሪያ ላይ በ160 አነሳሁት፣ ልጁ ኳስ ተጫዋች ሆነና ጎልፍ ተወ፣ ከትርፍ ጎማው ጋር ተኝቷል። ከፈለግህ በገዛሁበት ውሰደው። አይንኳኳም፣ ፊቱ ንጹህ ነው፣ ታቹ ላይ ብቻ ልጅ የሞነጫጨረው ቀይ ነገር አለ።


ባልቻ_ስላይስ

ምን ዓይነት ቀይ


ሄይንስ_ፖይንት_ታክሲ

የጥፍር ቀለም ነው የሚመስለው። ፊደል ነው። "ባ" መሰለኝ፣ አጻጻፉ የህፃን ነው፣ አንዱ እግር ረዝሟል። ለምን?


ዴንቨር_5280

አይደለም በሉኝ


ባልቻ_ስላይስ

ልጄ አምስት ዓመቷ ላይ ነው የጻፈችው፣ አባቴ እንዳይጠፋበት ብላ። እናቷ ስለ ጥፍር ቀለሙ ተቆጥታት አልቅሳ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሳስረክበው አይቼዋለሁ፣ አይቼ ነው የሰጠሁት።

የት ነህ አሁን


ሄይንስ_ፖይንት_ታክሲ

ወይ ጉድ! እስከ ማታ 4 ሰዓት ስራ ላይ ነኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሄይንስ ፖይንት ጎልፍ ሜዳ እንገናኝ፣ ኳስ አንተ ትገዛለህ፣ ለእሱ ብር አልቀበልም። ግን ከቨር የለውም፣ ያኔም አልነበረውም።


ባልቻ_ስላይስ

ከቨሩ እኔ ጋ ነው።